ድራይቨር ፍለጋ ይብቃን!

በመሥሪያ ቤታችሁ ንብረት ክፍል በኩል ስታልፉ ጥግ ላይ የተደረደሩትን ፕሪንተሮች ልብ ብላችሁ እዩ። «የማይሠራ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ከፍታችሁ ብትፈትሹ ግን ከመካከላቸው ድራሙ ደህና የሆነ፣ ማሞቂያው የሚሞቅ፣ የወረቀት መሳቢያው ጎማ ያላለቀ፣ ቶነሩ እንኳ ያልተጋመሰ አታጡም። የተጣለው ኮምፒውተሩ ስለተቀየረ ነው። ዊንዶውስ 7 የነበረው 10 ሆነ፤ 10 የነበረው 11 ሆነ፤ ባለ 32 ቢቱ በባለ 64 ቢት ተተካ። ፕሪንተሩን የሠራው ፋብሪካ ለአዲሱ ሲስተም ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ አልጻፈም፤ ወይም ጽፎ የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ ጠፋ። (ከካርቶኑ ጋር የመጣው ሲዲ ተቀምጦ ይሆናል፤ ሲዲ የሚያነብ ላፕቶፕ ግን ከየት ይመጣል?) ባለሙያው ታግሎ ታግሎ ሲሰለቸው ወረቀቷን ለጠፈ። ሰኔ ሲደርስ በጀቱ እንዳይቃጠል ተብሎ በጥድፊያ ሌላ ተገዛ። እሱም ያንኑ ዕጣ ይጠብቃል።

በዚህ መንገድ የምናጣው ገንዘብ የውጭ ምንዛሬ ነው። የምናጣው ጊዜ ደግሞ የባለጉዳይ ጊዜ ነው፤ «ፕሪንተር አልሠራ ብሎ ነው፣ ነገ ተመለሱ» ተብሎ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ልጠራችሁ ነው የመጣሁት። የአይሲቲ ባለሙያዎች፣ የግዢ ክፍል ሠራተኞች፣ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ ፕሪንተር የምታስመጡ ነጋዴዎች፣ ሶፍትዌር የምትጽፉ ወጣቶች፣ ከባሕር ማዶ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ዕቃ የምትልኩ ወገኖች፤ ጥሪው ለሁላችሁም ነው። የምጠይቃችሁም አጭር ነው፤ ከእንግዲህ በፋብሪካው ድራይቨር ብቻ የሚነቃ ፕሪንተር በጋራ እንቢ እንበል፤ ጥግ የተጣሉትንም በጋራ እናስነሳ።

እንቢ ከማለት በፊት ግን እንቢ የምንለውን ነገር ማወቅ አለብን። ኮምፒውተር አንድን ገጽ ለፕሪንተር የሚነግረው በሆነ ቋንቋ ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት፣ ከሂውሌት ፓካርድ ሌዘርጄቶች ጋር በዓለም የተሰራጨው ፒሲኤል፣ እነዚህ አሠራራቸው በሰፊው የታወቀ ቋንቋዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን በወጉ የሚያውቅ ፕሪንተር ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ዛሬ በተገዛ ኮምፒውተር ላይ ገጽ ያወጣል። ርካሾቹ ግን በሌላ መንገድ ተሠሩ። ገጹን ነጥብ በነጥብ አስልቶ የሚጨርሰው ኮምፒውተሩ ሆነ፤ ፕሪንተሩ የታዘዘውን ነጥብ ወረቀት ላይ ከማኖር ውጪ ሥራ የለውም። ሜሞሪውና ፕሮሰሰሩ ስለተቀነሰ ዋጋው ወረደ። ትእዛዙ የሚተላለፍበት ቋንቋ ግን ፋብሪካው ለራሱ የያዘው ሆነ።

ካኖን ኤልቢፒ 2900ን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ የሚገባው ግን «ካፕት» የተባለው የካኖን የራሱ ቋንቋ ነው። ሌዘርጄት 1020 ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በተነሳ ቁጥር የውስጥ ፕሮግራሙን (ፈርምዌሩን) ከኮምፒውተሩ ተቀብሎ ነው ሥራ የሚጀምረው፤ ስታጠፉት ይረሳዋል። እንዲህ ያለ ማሽን ያለ ድራይቨሩ የሚሞቅ ሣጥን ብቻ ነው። ስንገዛው ግማሹን ከሱቅ ወሰድን፤ ግማሹ በፋብሪካው ፈቃድ ላይ ቀረ። ፋብሪካው ድራይቨሩን ማደስ ያቆመ ቀን የኛም ግማሽ አብሮ ያበቃል።

በኔትወርክ የተጋራ ፕሪንተር ያላችሁ መሥሪያ ቤቶችማ የ2021ን ነገር አትረሱትም። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በዚያ ዓመት ክረምት በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ውስጥ «ፕሪንትናይትሜር» የተባለ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ወጣ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን ሲደፍን የተጋራ ፕሪንተር ድራይቨር ለመጫን የአድሚን ፈቃድ ግድ ሆነ። በመስከረሙ ማስተካከያ ደግሞ በ11ቢ የሚያልቀው የስህተት ቁጥር በየስክሪኑ ብቅ አለ፤ ትናንት ያትም የነበረው ኮምፒውተር ዛሬ ከፕሪንተሩ ጋር አልገናኝም አለ። በየቦታው የተወሰደው መፍትሔ ምን ነበር? ወይ ማስተካከያውን ማራገፍ፣ ወይ ሬጂስትሪ ውስጥ ገብቶ ጥበቃውን ዜሮ ማድረግ። ደብዳቤ ለማተም ሲባል መከላከያው ወለቀ። እንዲያ ያደረጉትን ባለሙያዎች አልወቅስም፤ ከኋላቸው የሚጮህ ኃላፊና የተሰለፈ ባለጉዳይ ነበረባቸው። ግን እያንዳንዱ ብቻውን፣ በየክፍሉ ተዘግቶ ያደረገው ነገር ነው። አንድም ቦታ ተሰብስበን «ድራይቨር ማጋራት የሚባለው አሠራር ራሱ ነው ችግሩ» አላልንም።

በፕሪንተር ምክንያት ተነሥቶ ዓለምን የለወጠ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ዜሮክስ ያበረከተው አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ገባ። ወረቀት እየነከሰ ያስቸግር ነበር። ሪቻርድ ስቶልማን የሚባለው ፕሮግራም ጸሐፊ ለቀድሞው ፕሪንተር፣ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ጨምሮለት ነበር፤ ለአዲሱም ይህንኑ ሊያደርግ ፈለገ። የአዲሱ ምንጭ ኮድ ግን አልተሰጠም። ኮዱ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባለ አንድ ተመራማሪ እጅ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ጠየቀው። ሰውዬው እንቢ አለ፤ ለማንም ላለመስጠት ፈርሞ ነበርና። ስቶልማን ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲስተም ለመጻፍ እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን አወጀ፤ በ1985 የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን መሠረተ። ዛሬ ሊኑክስ ብለን የምንጭነው ሲስተም ብዙ መሠረታዊ ክፍሎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ ስቶልማንን ያደንቃሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የካርኔጊ ሜለኑ ሰው ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝም ለማለት ፈርሞ ነበር። እኛ ግን ሳንፈርም ዝም ያልን ነን። የትኛው ድራይቨር በየትኛው ዊንዶውስ ላይ እንደሚሠራ፣ የትኛው ሞዴል በሌላ ሞዴል ድራይቨር ተታልሎ እንደሚነቃ፣ እውቀቱ አለ። ያለው ግን በየባለሙያው ፍላሽ ውስጥ፣ «የኔ ምስጢር» ተብሎ ነው። አንዱ ከተማ ላይ ሳምንት ሙሉ የተለፋበት መፍትሔ ጎረቤት ወረዳ ላይ እንደገና ሳምንት ይለፋበታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለም?

የሚነሣውን ሥጋት አውቀዋለሁ፤ «ምስጢሩን ካካፈልኩ ምን እበላለሁ?» የሚለውን። ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም፤ ፕሪንተር ጭነው በሚያገኟት ገንዘብ ቤት የሚያስተዳድሩ አሉ። ነገር ግን ማሞቂያው ይቃጠላል፣ ጎማው ያልቃል፣ ድራሙ ይጫጫራል፣ ኔትወርኩ መዘርጋት አለበት። የእጅ ሙያ የሚጠይቀው ሥራ አያልቅም። የሚያልቀው በየድረ ገጹ እየተንከራተቱ፣ «ድራይቨር አውርድ» የሚል ቁልፍ ሲጫኑ ቫይረስ ይዞ መመለስ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ሙያ ተብሎ አያውቅም።

ታዲያ ለምን አሁን? ጊዜው ከእኛ ጋር ስለሆነ ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በአንድ የጋራ ቋንቋ መግባባት ከጀመሩ ቆይተዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ኤርፕሪንትን ሲያወጣ ስልክ ያለ ምንም ድራይቨር ማተም ቻለ። በ2013 የፕሪንተር አምራቾችና የሶፍትዌር ድርጅቶች የሚሠሩበት የፕሪንተር የሥራ ቡድን «አይፒፒ ኤቭሪዌር» የተባለውን ክፍት መስፈርት አወጣ፤ በዚያው ዓመት ካኖን፣ ሂውሌት ፓካርድ፣ ሳምሰንግና ዜሮክስ ሞፕሪያ የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። በእነዚህ መስፈርቶች የሚሠራ ፕሪንተር ከኮምፒውተሩ ጋር ሲገናኝ ማን እንደሆነ፣ ምን መጠን ወረቀት እንደያዘ፣ ቀለም ይኑረው አይኑረው ራሱ ይናገራል። ኮምፒውተሩም በመደበኛ ቅርጽ ገጹን ይልክለታል። በቃ። ኔትወርክ በሌለበት በዩኤስቢ ገመድም ይሠራል። ማይክሮሶፍትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የፋብሪካ ድራይቨሮችን በዊንዶውስ አፕዴት ማሰራጨቱን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ኮምፒውተሮቻችን ወደድንም ጠላንም ሊቀየሩ ነው። የሚነቃ ፕሪንተር የሚተርፍበት፣ የማይነቃው የሚጣልበት ወቅት ላይ ቆመናል።

ግን በገበያው ላይ ዩኤስቢ ብቻ ያላቸው፣ በፋብሪካው ድራይቨር ካልሆነ የማይሠሩ ርካሽ ሞዴሎች አሁንም ይሸጣሉ። ማንም ካልጠየቀ አስመጪው ለምን ይተዋቸዋል? ነጋዴ የሚሰማው የገዢን ድምፅ ነው፤ የአንድ ገዢ ድምፅ ደግሞ ሹክሹክታ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የክልል ጤና ቢሮ፣ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር በየጨረታ ሰነዳቸው ላይ ቢያሰፍሩ ግን አስመጪው ኮንቴይነሩን ከመጫኑ በፊት ያስባል።

የግዢ ክፍል ሰዎች፣ ዓረፍተ ነገሩ ይኸውላችሁ፤ ገልብጡት፦ «ፕሪንተሩ የፋብሪካ ድራይቨር ሳይጫንለት፣ በአይፒፒ ኤቭሪዌር ወይም በተመጣጣኝ ክፍት መስፈርት፣ በኔትወርክም በዩኤስቢም ከዊንዶውስ፣ ከማክና ከሊኑክስ ጋር መሥራት አለበት፤ አቅራቢው ይህን በርክክብ ጊዜ በተግባር ያሳያል።» የማንንም ፋብሪካ ስም አይጠራም፤ ለማንም አያዳላም። የመጨረሻዋን ሐረግ አደራ አትሰርዟት። በወረቀት ላይ «ይሠራል» የሚል ሁሉ አለ። አዲስ ላፕቶፕ አምጡ፤ ኢንተርኔቱን አላቅቁ፤ ፕሪንተሩን አገናኙ፤ አንድ የአማርኛ ገጽ ይውጣ። ካልወጣ አትረከቡ። ለመጀመሪያው ግዢ ጥቂት ብር ሊጨምር ይችላል፤ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ዋጋውን ከሁለት ፕሪንተር ዋጋ ጋር አወዳድሩት፤ ርካሹን የገዛ ሁለት ጊዜ መግዛቱ አይቀርምና።

አነስተኛ ሱቅ ያላችሁም ጨረታ ባታወጡ የምታደርጉት አለ። ካርቶኑ ላይ የኤርፕሪንት ወይም የሞፕሪያ ምልክት ፈልጉ። ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት «ከስልኬ አትምልኝ» በሉት ሻጩን። ካልቻለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ፤ ለምን እንዳለፋችሁም ንገሩት። ይህንን መንገራችሁ ከመግዛታችሁ እኩል ዋጋ አለው።

ጥግ ወደተጣሉት እንመለስ። እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ኮምፒውተር ጠርተን ሥራ እንሰጠዋለን። ለዊንዶውስ 11 ያልበቃው ማሽን ለዚህ ይበቃል። ሊኑክስ ጫኑበት። በውስጡ ከፕስ የሚባል የኅትመት ሲስተም አለ፤ ማይክል ስዊት የጀመረው፣ በኋላ አፕል ለማክ የወሰደው፣ ዛሬ ኦፕንፕሪንቲንግ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክትም የሚያሳድገው። ለሌዘርጄት 1020 ፈርምዌሩን በተነሳ ቁጥር የሚልክለት፣ ለኤልቢፒ 2900ም በጎ ፈቃደኞች የካፕትን ቋንቋ ፈትተው የጻፉት ድራይቨር አለ። አሮጌውን ፕሪንተር በዩኤስቢ ከዚህ ኮምፒውተር ጋር አገናኙና በኔትወርክ አጋሩት። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ 11ም ሆነ ስልክ የሚያየው አሮጌውን አይደለም፤ በመደበኛ ቋንቋ የሚናገር ፕሪንተር ነው። ድራይቨር ማሳደዱ ከሃያ ኮምፒውተር ወደ አንድ ይወርዳል። ሁሉም ሞዴል ይነሣል አልልም፤ የማይነሣም ይኖራል። ስካነራቸው የሚያስቸግር «ሦስት በአንድ» ማሽኖችም አሉ። ቢሆንም ሞክሮ መጣልና ሳይሞክሩ መጣል አንድ አይደለም።

የሞከራችሁትን ጻፉት። በአማርኛ። የፕሪንተሩ ሙሉ ስምና ቁጥር፣ የኮምፒውተሩ ሲስተም፣ የሠራው፣ ያልሠራው፤ አራት መስመር ይበቃል። በየከተማችሁ ያላችሁ ባለሙያዎች አንድ የጋራ የቴሌግራም ቻናል ክፈቱና እዚያ አስቀምጡት። የመጫኛ ፋይሉን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ አታዙሩ፤ የፋብሪካውን ገጽ አድራሻ አስቀምጡ። የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ለመመረቂያ ሥራ ሌላ የሆቴል ማስያዣ ሲስተም ከሚጽፉ፣ አንድ ክፍል የዩኒቨርሲቲውን የተጣሉ ፕሪንተሮች ያስነሣ፤ ሪፖርቱም ለሁሉም ይነበብ።

የፊደላችን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። በፍላሽ ጽሑፍ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ «ፎንቱ የለንም» ያልተባለ ማን አለ? ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ዊንዶውስም በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል። ስለዚህ በአሮጌ ፎንት መጻፍ የምናቆምበት ቀን አልፏል። ለማተም የምትወስዱትን ሁሉ ፎንቱን አካትታችሁ በፒዲኤፍ አውጡ፤ ጽሕፈት ቤቶችም ደንበኞቻችሁን ይህን አስተምሩ።

ከዚህ የሚከብደው የደረሰኝ ፕሪንተር ነው። ትንንሾቹ የቴርማል ፕሪንተሮች በብዛት የሚሠሩበት የኤፕሰን የትእዛዝ ቋንቋ በውስጡ የያዛቸው የፊደል ሠንጠረዦች አሉት፤ የግዕዝ ግን የለበትም። ስለዚህ «ስኳር 2 ኪሎ» ብላችሁ ጽሑፉን እንዳለ ብትልኩ የሚወጣው የጥያቄ ምልክት ወይም የማይነበብ ዝባዝንኬ ነው። የሱቅ ሶፍትዌር የምትጽፉ ልጆች፣ መውጫው በእጃችሁ ነው። መስመሩን መጀመሪያ ወደ ሥዕል ለውጡት፤ ሥዕሉን ላኩት። ማሽኑ ሥዕል ማተም ያውቃል። ትንሽ ይዘገያል እንጂ እናቶቻችን የከፈሉበትን በገዛ ቋንቋቸው ያነባሉ። አንዳችሁ ይህን ንጹሕ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ኮዱን ክፍት ብትለቁት፣ ቀሪው ሁሉ ከዜሮ መጀመር አይኖርበትም።

በአሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ቸርነታችሁ እንዳይባክን አንድ ቃል። እዚያ የተገዛ ሌዘር ፕሪንተር ብዙውን ጊዜ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ ግድግዳው ላይ ያለው 220 ነው። ሶኬት ላይ በተሰካባት ቅጽበት የሚቃጠል ስጦታ ደርሶን ያውቃል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ካርትሪጁን በአህጉር ስለሚከፍሉት አዲስ አበባ የተገዛውን ቀለም ከአሜሪካ የመጣው ፕሪንተር አይቀበለውም። የወረቀት መጠኑም በአሜሪካው ሌተር ላይ ከተተወ፣ ኤ4 የተጫነበት ፕሪንተር መብራቱን እያብለጨለጨ ወረቀት ይለምናል፤ መምህሩ ደግሞ ተበላሸ ብሎ ያነሣዋል። የመጨረሻው በማስተካከያው ገጽ የሚፈታ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን አይፈቱም። ከመላካችሁ በፊት ከተቀባዩ ባለሙያ ጋር ደውላችሁ ተነጋገሩ። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ገንዘቡን ልኮ እዚሁ እንዲገዛ ማድረግ ነው፤ ያቺን የጨረታ ዓረፍተ ነገር አያይዛችሁ።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል። የየክፍሉ የግዢ ፍላጎት የሚሰበሰበው ከዚያ በፊት ነው፤ ቅጹን የሚሞሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ባለሙያው ዓረፍተ ነገሩን ለግዢ ክፍሉ ዛሬ ያድርስ፤ ግዢ ክፍሉ ሰነዱ ላይ ያስገባ፤ ኃላፊው ሳይሰርዝ ይፈርም። የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችም የምትገዙበትን አስመጪ ተሰብስባችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ብቻችሁን አትሂዱ።